ለጡሩምባ ነፊው ማን ይንፋለት

ከፈለኝ ሞቶ የተገኘው ከጪጩ ከተማ ወደ ቡና ማጠቢያው በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። በጀርባው ተንጋሏል፤ ከግራ ጆሮው በላይ ተፈንክቷል። ወሩ ሰኔ ነው፣ ሲዘንብ ያደረው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል። እኔ ከዲላ በሞተር ሳይክል ስደርስ የእንሰት ቅጠል አልብሰውት ሰው ከቦት ቆሟል።

እንዲህ ያለ ቦታ የምላከው እኔ ነኝ። ጭቃና ሬሳ ሲሆን «ዋና ሳጅን ጎሹ ይሂድ» ይባላል፤ ስልጠናና ሹመት ሲሆን «ጎሹ ወረቀት የለውም» ይባላል። ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ አልክድም። ሥራውን ያሳየኋቸው ልጆች ግን ዛሬ ትከሻቸው ላይ ኮከብ ደርድረው በስልክ ያዙኛል።

ሟቹን ጪጩ ውስጥ የማያውቀው የለም። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ ጡሩምባውን ነፍቶ፣ የሟቹን ስም እየጠራ በየሰፈሩ የሚዞረው እሱ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ልጁ ፀጋ ጭቃው ላይ ተቀምጣ የአባቷን እግር ይዛለች።

«ጡሩምባውስ?» አለችኝ ቀና ብላ። «ጋሼ፣ የአባዬ ጡሩምባ የለም እኮ። ከእጁ አይለይም ነበር።»

ፈለግን፤ የለም። ቅጠሉን ገልጬ ቁስሉን አየሁት። አንድ ምት ነው። ሊገድል አስቦ የመጣ ሰው ይደግማል፤ ይሄኛው አልደገመም።

ሌላም ያየሁት ነገር ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ነገሬ አላልኩትም። ከከበቡት ሴቶች ብዙዎቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል። ሬሳው ገና አሁን ነው የተገኘው፤ መቼ አዘቀዘቁት? ወደ ከተማው ስንመለስ ደግሞ የዕድሩ ድንኳን ብረቶች አንድ በር ላይ ጭቃ ውስጥ ተበትነዋል። በሩ የከፈለኝ አይደለም። የአቶ ሚሊዮን ነው።

ስልኬ ጮኸ። ኮማንደር ትንሳኤ ነው፣ አለቃዬ።

«ጋሽ ጎሹ፣ ይሄ ኬዝ ክሊር ነው። የምርጫው ውጤት የተለጠፈ ቀን ሚሊዮን ሟቹን በጥፊ አጩሎታል፣ ሰው ሁሉ አይቷል። አምጣውና እንዝጋው።»

ክሊር። ዩኒቨርሲቲ ለገባ ሰው ሁሉ ነገር ክሊር ነው።

ጥፊው ግን እውነት ነው። ሚሊዮን የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር፤ ከዚያ የዞን ምክር ቤት ገባ። መንገድ አስጠርጓል፣ የቦኖ ውሃ አስገብቷል፤ ጠላቱም አይክደውም። ዘንድሮ ግን ዓይኑ አዲስ አበባን አየና በግል ዕጩነት ለፓርላማ ተወዳደረ። ለቅስቀሳ ድምፁ ሩቅ የሚሰማ ሰው ሲፈልግ ከፈለኝን አገኘ፤ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ አስጭኖ አወጣው። የሚሊዮን ጥፋት ከዚህ ይጀምራል። ጪጩ ያንን ድምፅ የሚያውቀው ለሞት ነው። ከፈለኝ «የጪጩ ሰው ስማ!» ሲል ሴቶቹ «ማን ሞተ?» እያሉ ከጓዳ ሮጠው ይወጣሉ፤ እሱ «ሚሊዮንን ምረጡ!» ይላቸዋል። አሮጊቶቹ «በኢየሱስ ስም!» ብለው በር ይዘጋሉ። ስሙ በዚያ ድምፅ የተጠራ ሰው ማን ይመርጠዋል? በገዛ ሰፈሩ ምርጫ ጣቢያ ውጤቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ የመረጡት ሰዎች ቃሬዛ ለመሸከም እንኳ አይበቁም ነበር።

እዚያው በሩ ላይ ከፈለኝን በጥፊ መታው። «በሞት ድምፅህ ገደልከኝ!» አለው። ከፈለኝ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

እኔም ሚሊዮንን አልወደውም። ዞን ምክር ቤት ሳለ፣ ስለ ፀጥታ በተጠራ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «በስምንተኛ ክፍል መርማሪ ነው ወንጀል የምንከላከለው?» ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ። በሩን ሳንኳኳ ገዳዩ እሱ ቢሆን የሚከፋኝ ሰው አልነበርኩም።

ራሱ ከፈተልኝ። ሚስቱ ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ዲላ እናቷ ቤት ገብታለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል። የቅስቀሳ ሱፉን ለብሶ ክራባት አስሯል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ አንድ ወንበር መጋረጃው ሥር ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጧል። እኔ አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል። እንደዚያ ነው የለመድነው።

«ሰው ሲጠብቁ ነበር?»

«ነበር።»

«ማንን?»

«የመጣውን።»

«ጎህ ሲቀድ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። በሬ ላይ ቆሜ ነበር።»

«ማን አየዎት?»

ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ጪጩ በሙሉ። ሂድ ጠይቃቸው።»

«በርዎ ላይ ቆመው ምን ይሠሩ ነበር?»

«እነሱን ጠይቅ አልኩህ! በአፋቸው ይናገሩት።»

ጠየቅኩ። ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ «የእኔ እንቅልፍ ከባድ ነው» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን በለቅሶ አብጧል። ባጃጅ ነጂዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዱ «ሚሊዮንን? ድሮስ መች አየነው፣ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይም አላየነው!» ብሎ ጓደኞቹን ሊያስቅ ሞከረ። የሳቀለት የለም። ጪጩ በተሸነፈ ሰው ሳትስቅ ስትቀር ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ይህንን በልቤ ያዝኩት።

ከሚሊዮን በር ፊት ለፊት የኸይረዲን ሱቅ አለ። ኸይረዲን በቅስቀሳው ጊዜ «የሞት ድምፅ ይዘህ ሱቄ ፊት አትቁም» ብሎ ከከፈለኝ ጋር ተናንቆ እንደነበር ሰምቻለሁ።

«ተናንቀን ነበር፣» አለ ሳይጠየቅ። «ሰው ግን በዚህ ይገደላል እንዴ? የሱብሂ ሶላት ላይ ነበርኩ፤ መስጊድ ጠይቅ።»

መስጊድ ጠየቅኩ፤ ነበር። ተመልሼ «ከመስጊድ ስትወጣስ ምን አየህ?» ስለው ሳሙና የተደረደረበትን መደርደሪያ ማስተካከል ጀመረ።

«ጋሽ ጎሹ፣ እኔ እዚህ ሰፈር ኗሪ ነኝ። ሰፈሩ ዝም ካለ ኸይረዲን ብቻውን ምን ብሎ ያውራ?»

የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ጉግሳ ደግሞ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ቤቱ ስደርስ ፀጋ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ነጠላዋ እስካሁን ጭቃ ነው።

«ዕድሩ አይቀብረውም፣» አለኝ ጉግሳ ከውስጥ። «ድንኳን አይተከልም፣ ቃሬዛም አይወጣም። ልጅቱንም ነግሬያታለሁ።»

«በምን ምክንያት?»

«ደንብ ጥሷል።»

«የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ሆኖ ለምርጫ ስለቀሰቀሰ?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «እሱ ነው በለው።»

አመንኩት። የተማረ ሰው መነጽሩን እየጠረገ ሲናገር ማመን የኔ ልማድ ሆኖ ነው።

ስወጣ ፀጋ ክንዴን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ አባዬ የዚህን አገር ሰው ሁሉ ስሙን ጠርቶ አስቀብሯል። ድሃ ሀብታም ብሎ አያውቅም። አሁን እንደ ሌባ በዝምታ ልቅበረው? ለሱ ማን ይንፋለት?»

ሬሳው ለምርመራ ዲላ ሆስፒታል ስለገባ እስከ ነገ ጊዜ አለሽ አልኳት። ይሄም መልስ ከሆነ።

ከዚያ ወደ ቡና ማጠቢያው ወረድኩ። በዚያ መንገድ ላይ ከማጠቢያው ሌላ ቤት የለም፤ ከፈለኝ ለምን በዚያ ሄደ? በዚህ ወራት ቡና የለም፣ ማድረቂያ አልጋዎቹ ባዶ ናቸው። ያለው ጥበቃው ብቻ ነው፤ እሱም የሚሊዮን ታናሽ ወንድም ታሪኩ ነው። ወንድሙን ከልቡ የቀሰቀሰ እሱ ብቻ ነበር። እስካሁንም የቅስቀሳውን ቲሸርት አላወለቀም፤ የሚሊዮን ፎቶ ደረቱ ላይ ታትሟል። ቲሸርቱ ግን ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ተተርትሮ የወንድሙ ፊት ለሁለት ተከፍሏል። ደረቱ ላይ ጭቃ ደርቋል።

«ልብስህን ምን ነካው?»

«አጥር ያዘኝ፣ ጋሼ።»

«ጎህ ሲቀድ ምን ሰማህ?»

«ዝናብ።»

«ሌላስ?»

«ዝናብ ብቻ።»

«ከፈለኝ ወደ አንተ እየመጣ ነበር። ምን ሊልህ?»

«እኔን ምን ይለኛል?» አለ።

ከሰዓት በኋላ ኮማንደሩ ደጋግሞ ስለደወለ ሚሊዮንን ይዤ ዲላ ገባሁ። ጣቢያ ቁጭ ብሎም ያንኑ ይላል፤ «በሬ ላይ ነበርኩ፣ ጪጩ አይቶኛል።» አላየንም ብለዋል አልኩት። «እንደሱ አሉ?» አለና ጣሪያውን አየ። «ድምፃቸውንም፣ ዓይናቸውንም ነፈጉኝ በለኛ።»

በዚህ መሃል ታሪኩ ለወንድሙ ምግብ ይዞ ገባ። ያው ቲሸርት ነው። ሚሊዮን መጀመሪያ ፌስታሉን አየ። ከዚያ ደረቱን አየ፤ ጭቃውን፣ ለሁለት የተተረተረውን የገዛ ፊቱን።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው በቀስታ።

«አጥር ነው፣ ጋሼ።»

ሚሊዮን ዓይን ዓይኑን አየው። ታሪኩ ዓይኑን ሰበረ።

«ሂድ ወደ ቤትህ፣» አለው። ታሪኩ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረ። «ጻፍ ሳጅን። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«በምን መቱት?»

«በድንጋይ።»

«ስንቴ?»

«እስኪሞት።»

«ጡሩምባውን የት አደረጉት?»

«ወንዝ ጣልኩት።»

ኮማንደር ትንሳኤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አመነ አይደል? በቃ፣ ፈርሙበት።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በስምንተኛ ክፍሌ የሳቀብኝ ሰውዬ በስምንተኛ ክፍል እጅ ጽሕፈት ገዳይ ሊሆን ነው። ግን ቁስሉ አንድ ነው። ሐኪሙም በዱላ ነው ብሏል። እያየሁት ነው የዋሸኝ፤ ያውም ራሱን ሊያስገድል።

ጠዋት ኸይረዲን ሱቁን ሲከፍት ደጁ ላይ ጠበቅኩት። በመንገድ ላይ ሳሰላስል የመጣሁት ስለ ልብስ ነው። አጥር የያዘው ልብስ በጎን ይቀደዳል። ከአንገት ወደ ታች በሁለት እጁ ልብሱን ቀዶ ጭቃ ላይ በደረቱ የሚወድቅ ወንድሙ የሞተበት ሰው ነው። የታሪኩ ወንድም ግን አልሞተም። የድንኳኑ ብረት ባልሞተ ሰው በር ላይ ወደቀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት የከፈለኝ ሬሳ ሳይገኝ ነው።

«ኸይረዲን፣» አልኩት፣ «ትናንት ጎህ ሲቀድ ጪጩ ውስጥ ማን ነበር የሞተው?»

ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። አላነሳውም።

«ከመስጊድ ስንወጣ ጡሩምባው ተነፋ፣» አለ። «‹የጪጩ ሰው ስማ! ሚሊዮን አርፏል!› አለ ከፈለኝ። አገር ምድሩ ወጣ። ስንቱ እንዳለቀሰ ልንገርህ? ያልመረጡት ሁሉ! ሻይ ቤት ያለችው ‹ውሃ ያጠጣኸን አባቴ› እያለች መሬት ተንከባለለች። የዕድሩ ጎረምሶች ብረቱን ተሸክመው በሩ ላይ ሲደርሱ በሩ ተከፈተ። እሱ ራሱ። ሱፍ ለብሶ።»

«ከዚያስ?»

«ብረቱ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ? እንባችን ሳይደርቅ! ሚሊዮን የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። የሰማው የለም። በሩን ዘጋው። ትንሽ ሳንቆይ ከፈለኝ ሞቶ ተገኘ ተባለ። ያኔ ሁሉም አፉን ያዘ። ምን እንበልህ? በቁም ሰው ስንስቅ ሬሳ ወደቀ እንበል?»

ጉግሳ ደንብ ጥሷል ያለው ይሄን ነው። በሐሰት መርዶ የነፋ ሰው የዕድሩ ሬሳ አይደለም።

ታሪኩ ማጠቢያው ባዶ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ብዙ አልጠየቅኩትም።

«ጡሩምባውን ሰምተሃል፣» አልኩት። «ወንድምህ የሞተ መስሎህ ነበር።»

ተነስቶ የሌላውን አልጋ ሸራ ገለጠ። ጡሩምባው እዚያ ነው፤ ጭቃውን ጠርጎለታል።

«‹ሚሊዮን› ሲል ሰማሁ፣» አለ። «መሬት ላይ ወደቅኩ። ልብሴን ስቀድ አላውቅም። የጥበቃ ዱላዬን ይዤ ሮጥኩ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። መንገድ ላይ ጋሽ ከፈለኝን አገኘሁት። ፈገግ አለ። ‹አይዞህ፣ አልሞተም፤ አንተን ላረጋጋ ነው የመጣሁት› አለኝ። ጥፊውን ሊበቀል በወንድሜ ሞት የቀለደ መሰለኝ፣ ጋሼ። ፈገግታውን ነው የመታሁት። ሰውየውን አይደለም።»

እጁን ሰጠኝ። ካቴና አላስፈለገውም።

ለሚሊዮን ስነግረው አላለቀሰም። ከማጎሪያው ፍርግርግ ጀርባ ክራባቱን ፈትቶ በእጁ ጠቀለለው።

«ያቺን ልብስ ሳይ ገብቶኛል፣» አለ። «ንፋ ያልኩት እኔ ነኝ። ከፈለኝ እምቢ ብሎ ነበር፤ ‹በዚህ አይቀለድም› አለኝ። ‹በድምፅህ አጠፋኸኝ፣ በድምፅህ ካሰኝ› አልኩት። በቁሜ ያልወጡልኝ ሰዎች ለሞቴ ይወጡ እንደሆነ ለማየት ነው። ‹መጀመሪያ ግን ለታሪኩ ንገረው፣ እንዳይደነግጥ› ብዬዋለሁ። እሱ የለመደው መጀመሪያ ጡሩምባ፣ ከዚያ ዘመድ ነው። በለመደው ሄደ።»

«ወጡልዎት ታዲያ?»

«ወጡ። እውነተኛ እንባ ነው ያለቀሱልኝ፤ በመጋረጃው ሥር ተቀምጬ አየሁ። አላስቻለኝም። በሩን የከፈትኩት አለሁ ልላቸው ነው።»

ስንት ዓመት የያዝኩት ቂም አፌ ድረስ መጥቶ እዚያው ቀረ።

ከቀትር በፊት ተለቀቀ። የከፈለኝ ሬሳም ከሆስፒታል ወጥቶ ጪጩ ቤቱ ገብቷል። ፀጋ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ብቻዋን ተቀምጣለች። ጉግሳ አሁንም «ደንብ ነው» ይላል፤ ማን አስነፋው ለሚለው ጆሮ የለውም።

ሚሊዮን ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ሳጅን፣ አንድ ነገር ልለምንዎት፣» አለኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ አንቱ ሲለኝ ያን ቀን ነው። «ጡሩምባውን ይስጡኝ።»

ጡሩምባው ኤግዚቢት ነው። ኤግዚቢት ከመጋዘን አይወጣም፤ ይህንን ለማወቅ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል። አወጣሁለት። ኮማንደር ትንሳኤ በኋላ ጻፈብኝ፤ እስከ ዛሬ ዋና ሳጅን ነኝ።

ጪጩ መግቢያ ላይ ነፋው። መንፋት አያውቅበትም፤ እንደታመመ በሬ ጮኸ። ድምፁም የከፈለኝ አይደለም፣ ቀጭን ነው።

«የጪጩ ሰው ስማ! ጡሩምባ ነፊያችን ከፈለኝ አርፏል!»

የተከፈተ በር የለም። አንዴ ተታለዋል። ከአንድ አጥር ውስጥ «ደግሞ ማን ሊስቅብን ነው?» የሚል ሴት ድምፅ መጣ። ፀጋ ከቤቷ ወጥታ ከኋላው ተከተለችው። እሱ እየነፋ፣ እየጠራ ሄደ። ድምፅ ስጡኝ ብሎ በዞረባቸው በሮች ሁሉ ቆመ።

«ስማ! ትናንት የሐሰት መርዶ ያስነፋሁት እኔ ነኝ! ለምኜው ነው! ከፈለኝ ሐሰት የተናገረው ለእኔ ብሎ፣ አንዴ ነው! የገደለው የእናቴ ልጅ ነው! ስማ የጪጩ ሰው፣ ይሄ እውነት ነው! ከፈለኝ አርፏል!»

ጉግሳ በር ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ጉግሳ መስኮቱ ላይ ቆሟል፤ መነጽሩን አውልቋል፣ ግን አይጠርገውም።

መጀመሪያ የሱቁን በር የዘጋው ኸይረዲን ነው። ቆልፎ መጥቶ ከፀጋ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ሻይ ቤት ያለችው ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ወጣች። ከዚያ ከዕድሩ መጋዘን በኩል ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ጎረምሶቹ ብረቱን በትከሻቸው ይዘው መጡ፤ ሚሊዮን ጡሩምባውን ይዞ በቆመበት በኩል፣ ቀና ብለው ሳያዩት፣ ብረቱን የጣሉበትን የእሱን በር አልፈው ወደ ከፈለኝ ቤት ሄዱ።